ስሙ የተለወጠ ጉቦ



ስለ ሙስና ሲነሳ አብዛኛዎቻችን የምናስበው የጠፋውን ገንዘብ ነው። ቃሉን ግን ልብ በሉት፤ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጥፋት፣ መበላሸት ማለት ነው። ስለዚህ ከብሩ ሌላ ከሰው ውስጥ ምን ተበላሸ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

መጀመሪያ የሚበላሸው አንደበት ይመስለኛል። ጉቦ በስሙ ሲጠራ ያሳፍራልና «የሻይ»፣ «ማስታወሻ»፣ «እጅ መንሻ» የሚል ስም ይወጣለታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረትም እየሳቅን በልጆቻችን ፊት እንናገራለን፤ ልጁ አድጎ ሲሾም ደግሞ በላ ብለን እናማዋለን!

ስም መለወጡ አዲስ ነገር አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው የበኒ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ተልኮ ነበር። ሲመለስ ከፊሉን አስረከበ፤ የቀረውን ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን? ሲሉ ጠየቁ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ነገሩ የገንዘቡ ማነስና መብዛት አይደለም፤ ስጦታው የመጣው ለሰውየው ነው ወይስ ለወንበሩ?

በሀገራችን በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቁሟል። ሕግ ግን የሚይዘው የተደረሰበትን ነው። ባለጉዳይ «ነገ ና» እየተባለ ከርሞ፣ የገዛ መብቱን ሲያገኝ እንደ ውለታ ቆጥሮ ያመሰግናል። እጁን የሰበሰበ ሠራተኛ በባልደረቦቹ ዘንድ ሞኝ ይባላል። ይህን የትኛው ችሎት ይዳኘዋል?

መስጊዶቻችንም ከዚህ አያመልጡም። ለግንባታ ብዙ ገንዘብ ላመጣ ሰው ስሙ ተጠርቶ ዱዓ ይደረግለታል። አላህ ንጹሕ ካልሆነ ገንዘብ ሰደቃ እንደማይቀበል እያወቅን፣ ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ ስንት ነው?

«መብቴ ሆኖ ሳለ ካልከፈልኩ አላገኝም፤ ምን ላድርግ?» የምትሉ አላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጪንም ተቀባይንም ረግመዋል። ከዑለማዎች ግን፣ ሌላ መንገድ ፈጽሞ ጠፍቶበት ማንንም ሳይጎዳ ለመብቱ የከፈለ ሰው ወንጀሉ በተቀባዩ ላይ ነው ያሉ አሉ። ይህን ፈቃድ ለራሳችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ሰልፉ ዞር በሉ። ከእናንተ ቀድሞ መጥቶ የቆመ ሰው ካለ፣ ተራውን ገዝታችሁበታልና በፈቃዱ ውስጥ አትገቡም።