መዝገባችንና ጤናችን
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት የተለጠፈ)



ስለ መዋጮ ገንዘብ ያዣችን ይነግሯችኋል፤ ከዚያ በፊት እንዳትወጡ። እኔ የማነሣው ስለ መዝገብ ነው።

በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማችን መቃብሮች፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም፣ መዝጋቢ አቆሙ። ቀብር በመጣ ቁጥር የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታና የሞተበትን ምክንያት ቀባሪውን እየጠየቁ ይጽፉ ነበር። ያኔ ደግሞ በሽታውን በስሙ የሚጠራ የለም። «ብርድ መታው» ይባላል፣ «ሳንባ ነው» ይባላል፣ «አልማዝ ባለጭራ ናት» ይባላል። ተመራማሪዎቹ የሰዉን ቃል ሳይንቁ ጻፉት፤ ከሐኪም ቤት መረጃም ጋር አስተያዩት። ሲደመር፣ በጉልምስና ዕድሜ ከሚሞተው ከግማሽ በላዩን የሚወስደው ኤድስ ሆኖ ተገኘ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ያው መዝገብ መልካሙን ወሬ አመጣ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ፣ መድኃኒቱ ባይኖር ይሞት ከነበረው ወደ ግማሽ ወረደ። ያንን ዘመን እድርተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳኑ ካንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከል ነበር።

በውጭም አገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ሐኪሞቹ በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን ውሃ የት እንደሚቀዱ በየቤቱ እየዞረ ጠየቀ። አብዛኞቹ ሟቾች ካንድ ፓምፕ የሚቀዱ ሆኑ። ለሰፈሩ ሹማምንት ቢያሳያቸው የፓምፑን እጀታ አስነቀሉት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ስለ ተደፈነው ቦያችን ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ይዘን ወደ አንድ ቢሮ ሄደናል። «ማስረጃችሁ ምንድነው?» አሉን። «ይሸታል» አልን። ሽታ ደብዳቤ ላይ አይለጠፍ! በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችን ሲገባ እጃችሁን ታጠቡ፣ ውሃ አፍሉ ተባልን። ትክክል ነው። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ስንት አባወራ ባንድ መጸዳጃ በሚጠቀምበት ግቢ ጥፋቱን ሁሉ በእናቶች እጅ ላይ መጣል ፍርድ አይደለም።

የእድሮቻችን መዝገብ ለማን ስንት ብር እንደ ተከፈለ ያውቃል፤ ሟቹ ስንት ዓመቱ እንደ ነበር ግን የለበትም። ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ደብተር ያቀርባል። የሚጻፈው ቀኑ፣ የሕፃኑ ዕድሜና በየትኛው መስመር እንደሚኖር ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ያስቀመጠው ሕፃን ይቆጠራል። ከጎኑ ውሃ የመጣበት ቀንና መጸዳጃው የሞላበት ቀን ይገባል። አንዲት እናት «የቤታችን ገመና አደባባይ ሊወጣ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ስም አይጻፍም፣ የቤት ቁጥርም አይጻፍም። ደብተሩ ሕክምና አይደለምና የታመመ ልጅ ያላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በኋላ ወደኔ።

ደብተሩ ከፊታችን እሑድ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። መጻፍ የማይችል በቃል ይንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስት ወር ሲሞላ ደምረን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍና ግልባጩን ይዘን ወደዚያው ቢሮ እንመለሳለን። አብረውኝ የሚሄዱትን ሦስት ሰዎች ዛሬ ትመርጣላችሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ቢሆኑ የኔ ሐሳብ ነው፣ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸውና።