እንግዳው ሠራተኛና የአገሩ ልጅ



ጥጥ ለመልቀም ወደ አዋሽ፣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራ ወርደን የምናውቅ ሰዎች አንድ ሐሜት ሰምተናል፤ «ከሌላ ቦታ የመጣው ሰው ዋጋ ሰበረብን» የሚል። ሐሜቱ እውነት አለው ወይ? ለመመርመር እንዲረዳን ዛሬ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ አሜሪካ እርሻ እንሂድ። ዓመቶቹን በአውሮጳ አቆጣጠር እንናገራለን።

በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አሜሪካና ሜክሲኮ ተዋዋሉ። ሜክሲኳውያን እየመጡ በአሜሪካ እርሻ ለጥቂት ወራት እንዲሠሩ ተፈቀደ። ጦርነቱ አበቃ፤ ስምምነቱ ግን እስከ 1964 ቆየ። በዚያን ጊዜ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሥራ ውል ተፈረመ።

ታዲያ የአገሩ የእርሻ ሠራተኛ ምን ሆነ? ደንቡ እንግዳ የሚቀጠረው የአገሩ ሰው ሲጠፋ ነው ይል ነበር። ባለእርሻው ግን ዘዴ አያጣም። ዝቅተኛ ዋጋ ይጠራል፤ የአገሩ ሰው «በዚህ ልጆቼን አላሳድግም» ብሎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ባለእርሻው «ሠራተኛ አጣሁ» ብሎ ያመለክታል። እንግዳውም በውል ታስሯል፤ ቢከፋው እንደ ልቡ ሌላ አሠሪ አይፈልግም፤ ካጉረመረመ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው አጠገብህ ሲቆም የአንተም እምቢታ ዋጋ ያጣል።

እንግዳው ሲሄድስ? በ1964 መጨረሻ ስምምነቱ ሲቀር ብዙዎች «አሁን ምንዳችን ያድጋል» አሉ። በ2018 የታተመ ጥናት ግን ብዙ ሜክሲኳውያን ይሠሩባቸው በነበሩት ክፍላተ ሀገር ምንዳው ከሌላው ቦታ በልጦ እንዳላደገ አሳይቷል። በካሊፎርኒያ ለፋብሪካ የሚሆን ቲማቲም የሚያመርቱት የመልቀሚያ መኪና አስገቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእጅ ለቀማው ቀረ ማለት ይቻላል። እንግዳው ሄደ፤ ሥራውም ተከትሎት ሄደ።

ምንዳ የጨመረው በሌላ መንገድ ነው። በ1965 በካሊፎርኒያ በዴላኖ ከተማ፣ ከፊሊፒንስ መጥተው ብዙ ዘመን የቆዩ ወይን ለቃሚዎች በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት ሥራ አቆሙ። ቀድሞ ባለእርሻዎች አንዱ ወገን ሲያምፅ ሌላውን ያስገቡ ነበር። አሁን ግን በሴዛር ቻቬዝ የሚመራው የሜክሲኳውያን ማኅበር ብዙም ሳይቆይ አብሮ ሥራ አቆመ። በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ አንድ ማዕድ ቆረሱ። አምስት ዓመት ፈጀ። በ1970 የዴላኖ ባለእርሻዎች ፈረሙ፤ ምንዳም ተጨመረ።

እንግዲህ ወገኖች፣ ሐሜቱ ግማሽ እውነት ነው። በሥራ ቦታ አዲስ ሰው ስናይ ፊታችንን ከማጥቆር፣ «ወንድሜ፣ በስንት ተዋዋልክ? ውልህንስ አንብበኸዋል?» እንበለው። ማንበብ ካልቻለ እናንብብለት። የእሱ ዋጋ ከወረደ የእኛም አይቆምምና።