ዕጩውን በአዋጁ እንለየው
ሀ፦ ምርጫ ሲደርስ ነፋስ መውጫም፣ ወገዳም፣ መካነ ኢየሱስም የሚመጣው ዕጩ ሁሉ ሰላም ነው የሚለው። በምን እንለያቸው?
ለ፦ ለአማራ ክልሉ ግጭት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ባላቸው አቋም ነዋ! ነሐሴ 2015 ፓርላማው በብልጽግና አብላጫ ድምፅ አጸደቀው።
ሀ፦ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) የፓርላማ አባል ክርስቲያን ታደለ ደግሞ በዚያው ሰሞን ታሰሩ። ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ከወራት በኋላ ነው፤ ይኼ ያሳስበኛል።
ለ፦ መንግሥት ሕግ ማስከበር አለበት እኮ፣ እህቴ። መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያ የሚቀርበት ገበሬው ነው።
ሀ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን የሕገ መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ 93 ገደብ አለው፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአዋጅም አይነካም።
ለ፦ እና ዕጩውን ምን እንበለው?
ሀ፦ አዋጅ ይራዘም ሲባል እጅህን ታወጣለህ? የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ትላለህ?
ለ፦ ከታጠቁት ጋርስ ድርድር ትደግፋለህ? ይኼም ይጠየቅልኝ።
ሀ፦ ይጠየቅ! በአደባባይ ይመልስ።