«እኔ አልጻፍኩትም» አያድንም
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)

ውድ የጎንደር ምሩቃን፤

ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ የምንታወቅበት ሥራ በሽታን ከመንደሩ መከላከል ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ «ከየት መጣ? ማን ተሸከመው? በምን ተላለፈ?» ብለን እንጠይቃለን። ስለ ሐሰተኛ ወሬም ይህንኑ እንድንጠይቅ ነው የምፈልገው።

እኔ በምሠራበት በአምባ ጊዮርጊስ፣ ልጃገረዶች የማኅጸን በር ካንሰር ክትባት ሊወስዱ ሲሉ «ያመክናል» የሚለው ወሬ ቀድሞን ይደርሳል። አንዲት እናት ስልኳን ከፍታ አሳየችኝና «ዶክተር ነው እኮ የላከው!» አለችኝ። ያሳመናት ጽሑፉ አይደለም፤ ከስሙ ፊት ያለው ማዕረግ ነው።

ወሬ ክትባት በማስቀረት ብቻ አያበቃም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጅ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው፣ ከግድያው በፊት አባቱን የሚወነጅሉና ለጥቃት የሚያጋልጡ ጽሑፎች በፌስቡክ መውጣታቸውን፣ እንዲነሡም ለኩባንያው ማመልከቱን ገልጾ በ2015 ዓ.ም. ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ። ኩባንያው «የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም» ብሎ ቢከራከርም፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ይጠይቃል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ያሰራጨ ሰው ደግሞ ቅጣቱ ይከብድበታል። ብዙ የሚሰማ ብዙ ይጠየቃል ማለት ነው።

እኛስ? ተከታያችን ሃምሳም ይሁን አምስት ሺህ፣ «ዶክተር»፣ «ፕሮፌሰር» የሚለው ስም በወሬው ላይ የሚያርፍ ማኅተም ነው። «እኔ አልጻፍኩትም፤ የተላከልኝን ነው ያስተላለፍኩት» ማለት አያድንም። ኮሌራን የሚያስተላልፍ ሰውም ተህዋሱን አልፈጠረውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ምንጩን ያላየነውን አናስተላልፍ። ተሳስተን ከላክንም እዚያው በላክንበት ቦታ እናርመው፤ ዝም ብሎ ማጥፋት ቀድሞ ላነበበው ሰው አይደርስለትም። በራሳችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሰው ስምና ፎቶ ለጥቃት ተለጥፎ ስናይ ደግሞ ዝም አንበል። የለጠፈው የክፍል ጓደኛችን ሊሆን ይችላል፤ ይሉኝታ ይይዘናል፣ አውቃለሁ። በይሉኝታ ያለፍነው ግን የአንድ ሰው ደጅ ድረስ ይሄዳል።