ስለ ጡት ነቀርሳ ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር



እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ዛሬ የምናገረው ግን ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ልናደርገው ስለምንችለው ነገር ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዓይነቶች ዋነኛው የጡት ነቀርሳ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ16,000 በላይ ሴቶች ይያዛሉ። «የአሮጊቶች በሽታ ነው» የሚባለው ለእኛ አይሠራም። በአሜሪካ በሽታው በብዛት የሚገኘው 60 ዓመት ባለፋቸው ሴቶች ላይ ሲሆን፣ በአፍሪካ ግን ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ 50 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ናቸው። አንዱ ምክንያት ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ ነው።

ታዲያ ወጣቷን የሚያዘናጋት ምንድን ነው? እብጠቱ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። የማያመውን ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል? የምታጠባ ከሆነች ደግሞ «ወተት ቋጥሮ ነው፣ ምች ነው» ይባልና ወራት ያልፋል። ስለዚህ ምልክቶቹን እንወቅ፦ በጡት ወይም በብብት ሥር ያለ ጠጣር እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጨማደደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ይህን የሚለየው ግን የጎረቤት ግምት ሳይሆን የአልትራሳውንድና የመርፌ ናሙና ምርመራ ነው።

ቶሎ ከተደረሰበት በኦፕራሲዮን፣ በመድኃኒትና በጨረር ይታከማል። ጨረር ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን በመሳሰሉ ቦታዎችም ይሰጣል። ከታማሚዎቻችን ከግማሽ የሚበልጡት ታሞክሲፌን የሚባለው ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን የሚረዳቸው ናቸው። ጠበል የምትሄድም ትሂድ፤ ምርመራውን ግን አታስቀር።

ባሎችም አደራ አለባችሁ። ሴቲቱ ብዙ ጊዜ የምትደብቀው በሽታውን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ «ጡቴ ከተቆረጠ ይተወኛል» ብላ ነው። «አብሬሽ እሄዳለሁ» በሏት።

በመጨረሻ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አለ። የእድራችን ገንዘብ የሚወጣው ለሞተ ነው። እብጠት ላገኘች አባል ወይም የአባል ልጅ ለትራንስፖርትና ለመጀመሪያ ምርመራ የሚሆን ብድር ብንፈቅድ፣ አብሯት የሚሄድ ሰውም ብንመድብ ምን ይመስላችኋል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ የምትናገርበት ቦታ ካላገኘች ግን መደበቋ አይቀርም። ያ ቦታ ይህ እድር ይሁን።