ስለ ሲኒማ ቤት ፉጨት
(ለማኅበራችን አባሎች ከተደረገ ንግግር)



በሲኒማ ኢትዮጵያና በአምባሳደር ፊልም ያየን ሁላችን እንደምናስታውሰው፥ ፊልሙ ሲበጠስ ወይም ሥዕሉ ሲደበዝዝ አዳራሹ በፉጨት ይናወጥ ነበር፤ የማሽኑ ሠራተኛም ሰምቶ ያስተካክል ነበር። ዛሬ ፊልሙ ከኮምፒዩተር ስለሚመጣ አይበጠስም፤ ጠባቂም የለውም።

ጉዳቱን እንመልከት። ሲኒማስኮፕ በ1953 እ.ኤ.አ. ከመምጣቱ በፊት የተሠራው አብዛኛው ፊልም፥ ስፋቱ ለቁመቱ 1.37 ለ1 ገደማ ነው። ሰፊውን ሸራ እንዲሞላ ሲለጠጥ ሰው ሁሉ ወፍራም ድንክ ይሆናል፤ ሲጎላም የተዋናዩ ግንባር ይቆረጣል። ግራና ቀኙ ጨለማ ቢሆን ማንን ይጎዳል? ዳር ዳሩ የተቆረጠ መጽሐፍ ቢሰጡን ዝም አንልም፤ ለፊልምስ ስለ ምን ዝም እንላለን?

ስለዚህ ማኅበራችን ፊልም ባሳየ ቁጥር፥ አንድ ሰው አስቀድሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሥዕሉን ልክ፥ ብርሃኑንና ድምፁን ይመርምር። እርሱም ካልተገኘ፥ ፉጨቱ ይመለስ!