አፍ መፍታትና የሕፃናት ጠባይ፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተገኘ ትዝብት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሕፃን መናገር ሲጀምር በአገራችን «አፉን ፈታ» ይባላል። አባባሉ የምላስን ነገር ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ከአፉ ጋር አብሮ የሚፈታ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ስሜቱ ነው። ዛሬ በፊታችሁ ላስረዳው የምሻው ዐሳብ አንድ ነው። ስሜቱን የሚገልጽበት ቃል ያላገኘ ልጅ በእጁ፣ በጥርሱ ወይም በዝምታው ይናገራል፤ እኛ ግን ያንን ብልግና ወይም ድንቁርና ነው ብለን እንፈርድበታለን።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በስማዳ ገጠር ሳስተምር፣ በዜሮ ክፍል የነበረ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹን በመማታት የታወቀ ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ ከጨዋታ አግጄ ለብቻው አቆመው ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከሩቅ ሆኜ ተመለከትሁት። ልጆቹ በጠጠር ሲጫወቱ ዳር ቆሞ ለረጅም ጊዜ ካያቸው በኋላ ገብቶ ጠጠራቸውን በእግሩ በተነው። ኋላ ስጠይቅ፣ ልጁ ካረጁ አያቱ ጋር ብቻ የሚኖርና ቀኑን ሙሉ ጥጃ ሲጠብቅ የሚውል መሆኑን ተረዳሁ። «እኔም ልግባ» ማለትን ከማንም ጋር ተለማምዶት አያውቅም። እኔም ከጨዋታ ባገድሁት ቁጥር የሚለማመድበትን ብቸኛ ስፍራ እዘጋበት ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሉን አብረን አልን፤ አንድ ሌላ ልጅም እጁን ይዞ አስገባው። መማታቱ በአንድ ቀን አልቆመም፤ እየቀነሰ ግን ሄደ።

የዚህን ምክንያት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መርምረውታል። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሕፃን በጨዋታ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ከራሱ ጋር ይነጋገራል፤ ይህ ንግግር ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ይሆንና ልጁ ራሱን የሚገዛበት ልጓም ይሆናል። «ቆይ፣ ተራዬ ይደርሳል» ብሎ ለራሱ መናገር የሚችል ልጅ መታገሥ ይቀለዋል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ለትምህርት ከደረሱ ሕፃናት መካከል ከመቶ ሰባት ያህሉ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሳይኖር የቋንቋ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። እንዲህ ያሉ ልጆች ለብቸኝነትና ለጠብ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በተከታታይ ጥናቶች ታይቷል። ከዚህም በላይ በገጠራችን ጆሮው እየመገለ የመስማት ኃይሉ የደከመ ልጅ ብዙ ነው። የማይሰማውን ልጅ «እምቢተኛ» እንላለን፤ ቃል የዘገየበትን ደግሞ «ደደብ» እንላለን። እንዲህ የተባለ ልጅ ስሙን ይዞት ያድጋል።

ክቡራንና ክቡራት፤

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ በራሳችን ቋንቋ ሞልቷል። አማርኛ ስሜትን የሚያኖረው ሆድና አንጀት ውስጥ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ አንጀት ይርሳል። ሕፃን «ሆዴን ባሰኝ» ማለትን ከተማረ፣ ማልቀሱን ወይም መምታቱን የሚተካ መሣሪያ አግኝቷል ማለት ነው። ማኩረፍን ከመናደድ፣ መናፈቅን ከመፍራት ለይቶ እንዲጠራ ማስተማር የእናትም የመምህርም ተግባር ነው።

እንቆቅልሽንም እንመልከት። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ይሰጣል። በዚህ ጨዋታ ሕፃኑ ተራ መጠበቅን፣ ማዳመጥንና መሸነፍን ያለ ጠብ ይማራል። የማታ ተረትም ሌላው የሚፈራውንና የሚመኘውን እንዲያስብ ያደርገዋል። ጋይንት ደግሞ የድጓ ምስክር የሆነው የቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነው የዙር አምባ አገር ነው። ቃልን በጆሮ ተቀብሎ በልብ ማኖርን እንዲህ ያከበረ አገር፣ የሕፃኑን ቃል ለማድመጥ ጆሮ ሊያጣ አይገባም።

እርግጥ ነው፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን አድገናል። በታላላቆች ፊት ዝም ማለትም የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ይህን ሥርዓት ለማፍረስ አልመጣሁም። «አንቱ» ማለት ራሱ በንግግር የሚገኝ ማኅበራዊ ችሎታ ነውና። ነገር ግን ማክበርን የሚያውቅ ዝምታ አንድ ነው፤ የሚለው ጠፍቶበት የሚሆን ዝምታ ሌላ ነው። መምህር ሁለቱን መለየት አለበት።

ይህ ልዩነት በእኛ ወረዳዎች ዛሬ እጅግ ከባድ ሆኗል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ስለዚህ የተኩስ ድምፅ ሰምተው፣ ያዩትን ግን ለማንም ያልተናገሩ ሕፃናት በመካከላችን አሉ። ዐዋቂ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ የሕፃን ሆድ ግን ይህን ያህል አይችልም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ለባልደረቦቼ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሚማታ ወይም የሚሸሽ ልጅ ስናገኝ ከመቅጣታችን በፊት ጆሮውንና አንደበቱን እንመርምር፤ ጆሮው የሚመግል ከሆነ ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እንምከር። ሁለተኛ፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካስፋፋቸው መንገዶች አንዱ የሆነው ዜሮ ክፍል ፊደል ብቻ የሚቆጠርበት ሳይሆን ተረትና እንቆቅልሽ የሚሰማበት ይሁን። ሦስተኛ፣ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብለን «ዛሬ እንዴት ዋልህ? እንዴት ዋልሽ?» እንበል፤ መልሱንም ሳንቸኩል እንጠብቅ።

ከእነዚህ አንዱም ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ጠጠሩን የበተነው ልጅ ይጠብቅ የነበረው አንዲት ቃል ነበረች፤ እኔ ግን ዘግይቼ ሰጠሁት። እናንተ እንዳትዘገዩ አደራ እላለሁ።